በጎኑ ለሚተኛ ሰው ከረጢት የመረጥኩባቸው ዓመታት

ሰው የሥራ ዘመኑን ትዝታ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ግን ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሥራ ዛሬ የለም። የሠራሁበት ሱቅ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ እኔ ደግሞ ካለፈው ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ደሴ ውስጥ የመስኮት መስታወት እቆርጣለሁ። መስታወት ጥሩ ነው። ሲለኩት አያፍርም፤ ስለ ራሱም የሚደብቀው ነገር የለም። የድሮው ሥራዬ እንዲህ አልነበረም።

ሥራዬ ሜዳ ላይ ለሚያድር ሰው ውስጡ ገብቶ የሚተኛበትን ባለ ላባ ስሊፒንግ ባግ መምረጥና መጠገን ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ጋሽ ሙሄ የሚባሉ ፍራሽ ሰፊ ነበሩ። አንድ ቀን ከልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ውስጥ የወጡ ሁለት ስሊፒንግ ባጎች ይገዛሉ፤ ሐሳባቸው ላባውን አውጥተው ትራስ ሊሞሉበት ነበር። ሳይቀዷቸው ግን ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክለው ሊያድሩ የመጡ ተማሪዎች አዩዋቸውና «አከራዩን» አሏቸው። በዚያው የማከራየት ሥራ ሆኖ ቀረ። ስሙ አፋቸው ላይ አልቀመጥ ስላላቸው «ከረጢት» ይሉት ነበር። እኔም ከእሳቸው ወስጄ ከረጢት እላለሁ።

የተቀጠርኩት በዚፕ ምክንያት ነው። አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የጎረቤት ጃኬት ስጠግን አዩኝ።

«ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«ማንም። ፈትቼ አየሁት።»

«መልሰህስ ገጠምከው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ነገ ና። ፈትቶ የሚያይ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚገጥም ነው።»

ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለምሳ ይበቃኝ ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የጋሽ ሙሄ አሠራር ግን በደንብ መነገር አለበት። ሱቁ ወለል ላይ ሁልጊዜ ሰሌን ተነጥፎ ይኖራል። ደንበኛው ሲመጣ ቁመቱን አይጠይቁትም፤ «ተኛ» ነው የሚሉት። ሰውየው እየሳቀ ይጋደማል፤ በጀርባው፣ እግሩን ዘርግቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ጋሽ ሙሄ ያን ጊዜ አይለኩም። አጠገቡ ቁጢጥ ይሉና ወሬ ይጀምራሉ፤ ስለ ማሽላው፣ ስለ ውጫሌ ገበያ፣ ባጃጅ ነጂዎች ስለሚሠሩት ሥራ። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሩብ ሰዓት ያልፋል። ሰውየው በወሬው ይያዝና መጋደሙን ይረሳል። ያኔ ዞር ይላል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ክንዱን ጆሮው ሥር ይከታል። ጋሽ ሙሄ ጠመኔያቸውን የሚያነሱት በዚያች ሰዓት ነው። ትከሻው፣ ዳሌውና ጉልበቱ ያረፉበትን ሰሌኑ ላይ ያሰምራሉ።

«ተጠይቆ የሚተኛ ሁሉ እንደ ጀናዛ በጀርባው ነው» ይሉኝ ነበር። «እውነተኛው ረስቶ የሚተኛው ነው። እሱ እስኪመጣ ጠብቅ።»

ደንበኛዋ ሴት ከሆነች ሥራው የባለቤታቸው የእትየ ሰዓዳ ነበር። ከኋላ መጋረጃ አለ፤ ሴቲቱን ወደዚያ ይወስዷታል፤ ብዙም ሳይቆይ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ይሰማል። ጋሽ ሙሄ «ሰዓዳ እኮ እንኳን ሴቲቱን ሰሌኑንም ታስወራዋለች» ይላሉ። እትየ ሰዓዳ ከውስጥ ሆነው «አንተ ደግሞ ጠመኔህን አቀብለኝና ዝም በል!» ይመልሱላቸዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በጀርባው ለሚተኛ ሰው መምረጥ ቀላል ነው፤ ክብደቱ ተዘርግቶ ያርፋል፣ ከረጢቱም ከላይ ሳይነካ ይቀመጣል። በጎኑ የሚተኛ ሰው ግን ክብደቱን በሙሉ ትከሻውና ዳሌው ላይ ይጥለዋል። እዚያ ሥር ያለው ላባ ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ይሳሳል። የተጨፈለቀ ላባ ደግሞ አያሞቅም፤ የሚያሞቀው በላባው መካከል ያለው አየር ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው ከሥር የሚነጠፈው ስፖንጅ ከከረጢቱ እኩል ያስፈልገዋል። ቀጥሎ ጉልበቱ አለ። ጉልበት ሲታጠፍ ጠባብ ከረጢት ከፊት በጉልበት ከኋላ በመቀመጫ ይወጠራል፤ በተወጠረበት ቦታ ሁሉ ብርዱ መንገድ ያገኛል። «ከሰፋ ይሻላል» ብሎ በጣም ሰፊ መስጠትም ስሕተት ነው፤ ሰውየው ባዶ ቤት ሲያሞቅ ያድራል። ዳሌና ጉልበት ጋ ሰፍቶ እግር ጋ የሚጠብ ነው የሚፈለገው። ዚፑም በየት በኩል እንደሚውል መታየት አለበት፤ በቀኙ የሚተኛ ሰው የቀኝ ዚፕ ከተሰጠው ብረቱ ላይ ተኝቶ ያድራል።

ከረጢቱ እስከ ስንት ዲግሪ ብርድ እንደሚችል ጨርቁ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አንብቤ ደስ እያለኝ ለጋሽ ሙሄ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ይሄ ቁጥር አትሞትም ነው የሚለው፤ ትተኛለህ አላለም» አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

በሦስተኛው ዓመት ሐይቁ ዳር እንግዳ የሚያሳድር አንድ ካምፕ የተሻለ ደመወዝ ሰጥቶ ወሰደኝ። ሥራ አስኪያጁ መልካም ሰው ነበር፤ ግን ከረጢት የሚመርጠው በቀለም ነው። «ቀዩን ስጣት፤ ፎቶ ላይ ያምራል» ይለኛል። እንግዳዋ በቀዩ ውስጥ ተኮራምታ ታድርና ጠዋት ቁርስ ላይ «እንዴት አደሩ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም በጨዋ ደንብ «በጣም ደህና» ትላለች። እሱ ወደ እኔ ዞሮ «አየህ?» ይለኛል። ሰባት ወር ቆይቼ ወጣሁ።

ከዚያ አምባሰል ተራራ ሥር መንገድ ከሚቀይሱ ሰዎች ጋር አንድ በጋ ሠራሁ። እዚያ አንድ ወፍራም ቀያሽ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከረጢቱ አንገቱ ጋ ርሶ ይገኛል።

«ይመር፣ ይሄ ነገር ይሸናል እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን።

ጓደኞቹ «ከረጢቱ ነው ወይስ ባለቤቱ?» ብለው በሳቅ ፈረሱ።

ሦስት ጠዋት ከሰው ቀድሜ ተነስቼ አየሁት። በጎኑ ሲዞር የከረጢቱ የራስ መሸፈኛ አብሮት አይዞርም፤ አፉ ጨርቁ ውስጥ ይቀበራል፤ ትንፋሹ ላባውን ያረጥበዋል። የራስ መሸፈኛውን ቆርጬ አወጣሁት፤ በአንገቱ ዙሪያ ወፍራም ጥብጣብ ሰፋሁ፤ ለራሱ የሱፍ ቆብ ሰጠሁት። በማግስቱ ቁርስ ተበልቶ እስኪነሳ እሱ አልነቃም፤ ትተውት ሄዱ። በሥራ ዘመኔ ደስ ካለኝ ቀን አንዱ ያ ነው። ሌሎቹ ብዙ አይደሉም።

ወደ ጋሽ ሙሄ የተመለስኩት ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው ነው። አሁን የምጽፈው ነገር የሆነው በዚያ ጊዜ ነው።

መስከረም ነበር፤ ለግሸን ማርያም ንግሥ ተሳላሚ የሚጎርፍበት ወቅት። የጋሽ ሙሄ ወንድም ባቲ ከተማ ሞተውባቸው ባልና ሚስቱ ለቅሶ ሄዱ፤ ሱቁን ለእኔ ተዉልኝ። በሁለተኛው ቀን ከውጫሌ አንዲት እናት ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። ስማቸው እማማ ትርንጎ ነው፤ ልጃቸው ወይንሸት ትባላለች። እማማ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፈው ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ባለ ዘርፍ ጥላ ነው።

«ልጄ፣ ብርድ የማያስገባ ስጠኝ» አሉኝ። «ግራ ዳሌዬ ውስጥ ብረት አለ። ብርድ ሲያገኘው በሩን ይዘጋብኛል፤ እግሬ አልንቀሳቀስ ይላል።»

ባጃጅ ጥሏቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። አልጋ ላይ ሳሉ «ካቆምሽኝ በእግሬ ወጥቼ ጥላ አስገባልሻለሁ» ብለው ለእመቤታችን ተሳሉ። ቆሙ። ሁለት ዓመት መራመድ ሲለማመዱ ቆይተው ነው የመጡት። በአንድ ቀን ወጥተው መመለስ ስለማይችሉ ከዳገቱ ሥር ድንኳን ውስጥ አድረው፣ ጠዋት ቀስ እያሉ ሊወጡ ነበር ያሰቡት።

ሰሌኑን አየሁት። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሦስት ወንዶች ተቀምጠዋል። ከእናቴ የሚበልጡ ሴት በሰው ፊት «ይጋደሙ» ማለት አቃተኝ። ጎረቤት ያለችውን ሴት መጥራት እችል ነበር። ወንዶቹን «አንዴ ውጡልኝ» ማለት እችል ነበር። መጋረጃው እዚያው ነበረ፤ ወይንሸትም ነበረች። አፈርኩና በቃል ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ሲተኙ እንዴት ነው?»

«እንዴት ነው ማለት? ዓይኔን ጨፍኜ ነዋ!»

ወንዶቹ ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«ማለቴ፣ በጀርባዎ ነው ወይስ በጎንዎ?»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ወንዶቹን በጨረፍታ አይተው «ኧረ ደህና ነው የምተኛው» አሉ። ወይንሸት አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት እናቷ ቀና ብለው አዩዋት፤ ዝም አለች። ያን አስተያየት አይቼዋለሁ። አላየሁም ብዬ መዋሸት አልችልም። አይቼው፣ እንደገና መጠየቅ ነውር መስሎኝ፣ በቁመታቸው ለክቼ ከሱቁ ሁሉ በጣም የሚያሞቀውን ሰጠኋቸው። ላባው የበዛ፣ ጠባብ፣ ገላን ተከትሎ የሚወርድ፣ በጀርባው ለሚተኛ ሰው ወደር የሌለው ከረጢት ነበር።

ሱቁን ቆልፌ ድንኳን ልተክልላቸው ከተሳላሚዎቹ ጋር አብሬ ሄድኩ። መኪናው ካወረደን በኋላ የቀረውን በእግር ሄድን፤ እማማ ትርንጎ በትራቸውን ይዘው ማንንም ሳይደገፉ ዳገቱ ሥር ደረሱ። ሲደርሱ ሽቅብ ወደ ተራራው እያዩ «ግማሹን ከፍያለሁ» አሉ።

ሲነጋ ወይንሸት ጠራችኝ። እናቷ ከረጢቱ ውስጥ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ዓይናቸው ተከፍቷል። ዚፑን ከፈትኩት። ቀስ በቀስ እንደ ገባኝ፣ ሌሊቱን እንደ ልማዳቸው በቀኛቸው ዞረው ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ለመሳብ ሞክረዋል። ከረጢቱ እምቢ ብሏቸዋል። የታጠፈው ጉልበት ጨርቁን ወጥሮ ከላይ የዋለው የታመመ ዳሌያቸው ላይ ላባውን ጨፍልቆታል። እጄን ሳደርግበት ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ሲደክማቸው ተመልሰው በጀርባቸው ሆነው፣ እግራቸው እንደ ታሰረ አደሩ።

«ለምን አልቀሰቀሽኝም እማዬ?» አለች ወይንሸት።

«ደክሞሽ ነበራ። ስለ እኔ ብርድ ሰው ላውክ?»

በሁለት በኩል ይዘን አቆምናቸው። ቀኝ እግራቸው ቆመ፤ ግራው አልታዘዝ አለ። ትንሽ ፀሐይ ይምታው ተባለ፤ መታው። በቅቤ ታሸ። ረፋዱ ላይ አራት እርምጃ ሄደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከውጫሌ የመጡ ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው መጡ።

«እማማ፣ እኛ እያለን ምን ያስጨንቅዎታል? አንስተን እናስገባዎታለን፤ ላባ አይበልጡም እኮ» አላቸው አንዱ።

«ተባረክ ልጄ። በእግሬ ብያት ነው።»

«ማርያም ታውቃለች እማማ፤ አትቆጣም።»

«አትቆጣም። የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ። በሰው እግር አልተሳልኩም።»

«ጥላውን እንኳ እኛ እናድርስልዎት?»

ጥላውን ከጭናቸው ላይ አላነሱም። «ከእኔ ጋር ይገባል» አሉ።

ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ከላይ ይሰማ ነበር። እሱን ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሰሙ። ሲያልቅ በቃሬዛ ወደ ታች ለመውረድ እሺ አሉ፤ ለመውጣት እንጂ ለመውረድ አልተሳሉም። ከረጢቱን ስጠቀልል አዩኝና «ልጄ፣ ዕቃህ ጥሩ ነው፤ እርጅናዬ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ሙሄ ከለቅሶ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠመኔያቸውን በጣታቸው እያሹ ሰሙኝ።

«ስንት ደቂቃ ጠበቅካቸው?»

«አልጠበቅኳቸውም።»

ጠመኔውን ሰሌኑ ላይ አስቀመጡት። «እኔም በወንዶች ፊት ሰሌን ላይ አስተኛቸው ነበር ብዬ ወላሂ አልልም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሰዓዳ እስክትመጣ ከረጢት አልሰጥም ነበር።» ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለቅሶም ሆነ ሰርግ ሁለቱ አብረው አይሄዱም ነበር፤ አንዳቸው ሱቅ ይቀራሉ።

ለሚቀጥለው ዓመት እማማ ትርንጎን የሚያወጣ ከረጢት ልሠራ ቆረጥኩ። ውጫሌ ቤታቸው ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱን ጊዜ እንደ እንግዳ ተቀምጬ በላሁ፤ ምንም አላልኩም። በሦስተኛው ወይንሸት ባለችበት መደቡ ላይ ጋደም ብለው ያን ባጃጅ ነጂ ሲረግሙ፣ «እንዲያውም ጥሩምባውን የነፋው ከጣለኝ በኋላ ነው!» እያሉ በቀኛቸው ዞሩ። ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው መጣ፤ ግራ እጃቸው በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ገባ። ለካሁ። ከጉልበታቸው እስከ ወገባቸው ጀርባ ያለው ስፋት ከሰጠኋቸው ከረጢት በአንድ ስንዝር ይበልጣል።

ሥራው ሦስት ወር ወሰደብኝ። ከሁለት ከረጢት አንድ አደረግሁ። ዳሌና ጉልበት ጋ ማስፊያ ቁራጭ አስገባሁ፤ የእግሩን ጫፍ አጠበብኩ። ከሥር የሚውለውን ላባ አውጥቼ ከላይ በሚውለው የግራ ዳሌ ላይ ጨመርኩት፤ በፈንታው ከሥር ኪስ ሰፍቼ ስፖንጅ ከተትኩ። ዚፑን ፈትቼ ተኝተው በአንድ እጅ እንዲከፍቱት ወደ ግራ አዞርኩት። የራስ መሸፈኛውን ተውኩት። ጋሽ ሙሄ ጥቃቅን ነገር ማየት ስለማይችሉ ስፌቱን በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት። አንድ ቦታ ላይ ቆመው «እዚህ ፍታና ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት።

ወስጄ ለእማማ ትርንጎ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ስልክ ደወሉ።

«ልጄ፣ ሞቆኝ አደርኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሞቆኝ አያውቅም።»

ከኋላ ወይንሸት «እማዬ!» ስትል ሰማኋት።

«ምን አጠፋሁ? እውነት ነው» አሉ።

በሚቀጥለው መስከረም በጸጥታ ምክንያት መንገዱ ተዘጋ። በተከታዩም ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ጊዜ አልነበረም። ሐይቁ ዳር ድንኳን የሚተክል እንግዳ ቀረ። ጋሽ ሙሄ ሱቁን ዘግተው፣ ዓይናቸው ጨርሶ ስለጠፋ፣ እትየ ሰዓዳ ይዘዋቸው ወደ ልጃቸው ኮምቦልቻ ሄዱ። የቀሩትን ከረጢቶች ቤቴ አምጥቼ እየጠገንኩ፣ አንዳንዱን እየሸጥኩ ቆየሁ። እማማ ትርንጎ አልፎ አልፎ ይደውሉ ነበር። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መንገዱ ተከፈተ ይባላል፤ እውነት ነው?»

መንገዱ በደንብ የተከፈተው ባለፈው ዓመት ነው። እሳቸው ከዚያ በፊት በክረምቱ ሞተዋል። የሰማሁት ዘግይቼ ነበር፤ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። ከአርባቸው በኋላ ወይንሸት ጥቁር ለብሳ ሐይቅ ድረስ መጣች። ከረጢቱን በመያዣው ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ይዛዋለች፤ ጨርቁ ላይ አንድ እድፍ የለም።

«ዕቃህ ነው ብዬ» አለችኝ።

«የእሳቸው ነው። ሰጥቻቸው እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ለሰው ይሆናል፤ አዲስ ነው። ያቺን አንድ ሌሊት ብቻ ነው የተኛችበት።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ ራሷ ጠቅልላ፣ አጥብቃ አስራ፣ ከጥላው ጋር ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ‹የመንገዴ ነው› አለች። መጨረሻ ላይ ብርድ ብርድ ሲላት፣ ሦስት ብርድ ልብስ አልበቃት ሲል፣ ላወጣው ነበር። ‹ተይው፤ አይቆሽሽብኝ፤ ሲከፈት እሄድበታለሁ› ብላ ከለከለችኝ።»

ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጣች። ባጃጅ ድረስ ሸኘኋት።

ስመለስ ከረጢቱን ከመያዣው አውጥቼ አራገፍኩት፤ ገመድ ላይም ሰቀልኩት። ላባ ዓመታት ታምቆ ከኖረ ጉልበቱ ይሞታል፤ ስታስቀምጡት ፈትታችሁ ስቀሉት ማለት ነበረብኝ። የሰጠኋቸው ቀን ስለ ስፌቱ፣ ስለ ዚፑ፣ ስለ ስፖንጁ ሁሉ ስነግራቸው ይህን አልነገርኳቸውም። በየሌሊቱ ይተኙበታል ብዬ ነበር ያሰብኩት። ለመንገድ ብለው አጥብቀው ያስቀምጡታል ብዬ አልገመትኩም።

በየቀኑ ጠዋትና ማታ እያራገፍኩ ሳምንት ጠበቅሁ። በሌላው ቦታ ላባው ትንሽ ትንሽ ተነሣ። በግራው ዳሌ ላይ ግን፣ ላባ የጨመርኩበት ቦታ፣ እንደ ተኛ ቀረ። መንገዱ ቀደም ብሎ ተከፍቶ ይዘውት ቢወጡ ኖሮ እንኳ አያሞቃቸውም ነበር። ይህን ለወይንሸት አልነገርኳትም። በማግስቱ ደሴ መስታወት ቤቱ ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ።